ለቴፑ ሰላምታ የነፈገችው ሚዳቋ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ አፍ ብቻ ያላችሁ ደጅ ቆዩ። ይህ ተረት ሰሚ እንጂ መላሽ አይፈልግም።

ዱሮ፣ ዛፉም ድንጋዩም ሲያወራ፣ አንድ ምንጭ ነበረ። ምንጩ እያንቀላፋ፣ እያንቀላፋ ሄዶ ሊደርቅ ትንሽ ቀረው። ሌላ ውሃ የት እንዳለ የሚያውቁት ከባሕር ማዶ የሚመጡት ወፎች ብቻ ነበሩ። እነሱ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይናገሩም። አምና ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው የለም። የሚዳቋዋ የአስካል አባት ውሃ ፍለጋ እንደወጣ በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ ወፎቹ የውሃውን ቦታ ተናግረው ሲሰናበቱ አንድ አሮጌ ቴፕ ድምፃቸውን ቀዳው። እትዬ ኤሊ ክረምቱን ሙሉ ለአውሬው ሁሉ እንግሊዝኛ ስታስተምር ከርማለች፤ የራሷ ጆሮ ግን በእርጅና ከብዷል።

«ባትሪው ለሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው» አለች። «ሦስት ተፈታኝ ተራ በተራ ቤቴ ይግባ። እርማቱን ውሃው ያርመዋል።»

አያ አህያ ቀድሞ ገባ። «ይህን ጆሮ እያያችሁ ሌላ ተፈታኝ ትፈልጋላችሁ?»

ቴፑ ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ እንደምን አደራችሁ አለ። አህያ ጨዋ ነው፤ ታላቅ ሰላም ሲለው ዝም አይልም። ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንደምን አደሩ? ቤተሰቡ ደህና? ከብቱ ደህና? አዝመራው እንዴት ነው?» እያለ እጅ ሲነሳ፣ ቴፑ ተናግሮ ጨረሰና ቀጭ አለ።

«ምን አለ?» አለች ኤሊ።

«ደህና ነኝ ያለ መሰለኝ።»

«አይ አህያ! ጆሮ ተሸክሞ መዞር!» ብላ እመት ጦጣ ገባች። ሰላምታውን ባጭሩ መልሳ አለፈች። ወዲያው ግን አንዲት የማታውቃት ቃል መጣች። «ቆይ፣ ቆይ፣ ምንድናት እሷ?» ቃሏን እንደ ቁንጫ ከፀጉሯ ስትፈልግ፣ ከጅራቷ ሥር ስታገላብጥ ቴፑ ቀጭ አለ።

«ውሃው የት ነው?»

«ልይዛት ስል አቋረጠኝ፣ ባለጌ!»

ሦስተኛዋ ተፈታኝ አስካል ቀረች። ልቧ እየዘለለ ወደ ምንጩ ወረደችና ከአንድ እንስራ አጠገብ ጋደም ብላ አለቀሰች። ቀትር ነው። አየሩ እንደ ወተት ረግቷል፤ ቅጠሉም ዓይኑን ጨፍኗል። እንቅልፍ ይሁን እውን ሳይለይላት እንስራው አናገራት።

«ምን ያስለቅስሻል፣ ልጄ?»

«ካልሰማሁ እናቴም እንደ አባቴ ወጥታ ልትቀርብኝ ነው።»

«እኔ እንዴት እንደምሞላ አይተሻል? አፌን ከፍቼ ዝም ነው። የፈሰሰችውን ጠብታ ወዴት ሄድሽ አልላትም፤ የምትመጣውን እቀበላለሁ።»

«ታላቅ ሰላም ሲለኝ ዝም ልበል? ነውር አይደለም?»

«አንገትሽን ዝቅ አድርጊለት። ሰላምታው የትም አይሄድብሽም። ውሃው ነው የሚሄደው።»

አስካል ገባች። ቴፑ እንደምን አደራችሁ አለ። አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ትንፍሽ አላለችም።

«መልሺ እንጂ!» አለች እናቷ ከደጅ፣ በሹክሹክታ። «እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ?»

አስካል ምላሷን ነከሰች። ቃሉ እንደ ጅረት መጣ። አንዲት የማታውቃት ቃል ብልጭ አለች፤ ሸኘቻት። ሌላዋም መጣች፤ ሸኘቻት። ከዚያ በጨፈነችው ዓይኗ ውስጥ ክንፍ አየች፣ ከክንፉ በታች ጥቁር አለት፣ ከአለቱ ማዶ የዋርካ ጥላ። ቴፑ ቀጭ አለ። ባትሪውም አለቀ።

«የት ነው?» አለች ኤሊ።

«ከጥቁሩ አለት ማዶ፣ የዋርካው ጥላ ወደ ማታ በሚወድቅበት። ቆፍሩ ነው ያሉት።»

ሄዱ። አያ አህያ በኮቴው ቆፈረ። አንድ ጊዜ ቢቆፍር አቧራ፣ ሁለተኛ ቢቆፍር ጭቃ፣ ሦስተኛ ቢቆፍር ሰማዩ ከነደመናው ከጉድጓዱ ውስጥ ብቅ አለ። ውሃ! የአስካል እናት ጠጥታ ጠጥታ ቀና ስትል ጢሟ ይንጠባጠብ ነበር። «ያሳደግሁሽስ እኔ ነኝ» አለች።

አስካል ግን የቀራት ነገር ነበረ። ወደ ቴፑ ተመለሰችና ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎስ እንደምን አደሩ? ቤተሰቡ ደህና?» አለችው።

ቴፑ ያለ ባትሪ፣ በደከመ ድምፅ፣ በገዛ አማርኛችን መለሰላት፦ «ደህና ነኝ፣ ልጄ። እስክጨርስ የሚጠብቀኝ ባጣ ነው እንጂ ደህና ነበርኩ።»

እናንተም ፈተና ስትገቡ የሚናገረውን አስጨርሱት። ያመለጠቻችሁን ቃል ሸኟት፤ የምትከተለዋ በር ላይ ቆማለች።

ተረቴ አለቀ። በሉ አሁን አፋችሁን ክፈቱ፤ እንደምን ዋላችሁ?