የእናቷን ድምፅ በአፏ የተሸከመችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ አራዊቱ ሁሉ የሚመካከሩበት አንድ ታላቅ ዋሻ ነበር። የቸገረው ገብቶ ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ይመልስለታል። የሚያስገርመው ግን ዋሻው የሰማውን አለመርሳቱ ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ጠያቂ መጥቶ ያንኑ ቢጠይቅ፣ መላሹ ሞቶ እንኳ ቢሆን፣ ድምፁ ከግድግዳው ይወጣል። በዚያ ደጅ ማንም ማንንም አይበላም፤ አያ ጅቦ እንኳ ምራቁን እየዋጠ ይቀመጣል።

ከሁሉም አብዝታ የምትመላለሰው አህዪት ነበረች። «እማዬ፣ ውሃ ሲጠፋ ወዴት ልሂድ?» ትላለች። ከግድግዳውም «ከቀዩ ገደል ሥር፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ በኮቴሽ ጫር ጫር አድርጊው፣ የኔ ልጅ» የሚል የሟች እናቷ ድምፅ ይመጣል። መንገዱ ጠፍቷት አይደለም፤ ድምፁ ናፍቋት ነው።

አንድ ቀን የዋሻው ጣሪያ ተሰነጠቀ። ከሸለቆው ማዶ ሰፊና ጽኑ ዋሻ ቢገኝም ምንም ድምፅ የሌለው ባዶ ነበር።

«አሮጌው ወሬ እዚሁ ይቀበር!» አለ ቀበሮ። የራሱ የዱሮ ውሸቶችም ግድግዳው ውስጥ ነበሩና።

«ይሻገራል እንጂ!» አለች እመት ጦጢት። «አንድ አፍ አንድ ድምፅ ይይዛል። መንገድ ላይ አፉን የከፈተ ግን ድምፁን ለነፋስ ሰጠ ማለት ነው።»

አንበሳም «ይሁን» አለ። ሁሉም ተሰልፈው ድምፅ በአፋቸው ተቀበሉ። አህዪት እናቷን ያዘች። አያ ጅቦ ግን የአንዱን ድምፅ ደንብ ጥሶ ስለ አጥንትና ስለ ስብ የሚያወራውን ሁሉ ጉንጩ እስኪወጠር አጨቀ። ቀበሮ ብቻ ምንም አልያዘም።

ሸለቆው ውስጥ ቀበሮ ወደ አህዪት ጆሮ ጠጋ አለ። «እመት አህዪት፣ እዚህ የዋሻው ሕግ የለም። አያ ጅቦ ደግሞ ከኋላሽ ነው። ምነው አትጮኺም?»

እውነቱን ነበር። የጅቡ ትንፋሽ ታፋዋን ያሞቀዋል። ጩኸቱ አፏ ላይ ደረሰ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ እንጂ ከንፈሯ አልተላቀቀም። «እናቴን ሁለት ጊዜ አልቀብርም» አለች በልቧ።

አያ ጅቦ ሊነክሳት አፉን ከፈተ። ያኔ ያጨቃቸው ድምፆች ሁሉ ወጡ! «ሰባ ያለ አጥንት ከወንዙ ማዶ!» «ስብ በዚህ በኩል!» እያሉ ከነፋሱ ጋር በረሩ። እሱም «ቆዩኝ! ቆዩኝ!» እያለ ተከተላቸው፤ በዚያው ቀረ።

አዲሱ ዋሻ ሲደርሱ እመት ጦጢት ቀድማ አፏን ከፈተች። የወጣው የቀበሮ የዱሮ ድምፅ ነበር፦ «በጉን የበላው ጅብ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ!» ቀበሮ የማንንም ዓይን ሳያይ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ከዚያ አህዪት አፏን ከፈተች። የእናቷ ድምፅ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ግድግዳውን ሁሉ ዞረ፤ እንደ ዝናብም ተመልሶ በላያቸው ወረደ። አሮጌው ዋሻ ውስጥ እንዲህ ግዙፍ ሆኖ ሰምተውት አያውቁም። አንበሳ ሳይታወቀው ተነስቶ ቆመ። ወፎቹ ክንፋቸውን ሰበሰቡ።

አህዪት ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ጠየቀች፦ «እማዬ፣ ውሃ ሲጠፋ ወዴት ልሂድ?»

ባዶ የነበረው ዋሻም መለሰላት፦ «ከቀዩ ገደል ሥር፣ የኔ ልጅ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ማኅበር ቤቱን ሲቀይር ከጓዙ ሁሉ በፊት ሊሻገር የሚገባው የቀደሙት ቃል እንደሆነና፣ እሱም የሚሻገረው ለጥቅሙ በሚያግበሰብስ ሳይሆን በፍቅር በሚሸከም አፍ መሆኑን ነው።