በሕግ አምላክ የቆመ ውሃ

አንድ ጓንጉል የሚባል ነጋድራስ ነበር። ዝም ማለት የሚሉትን ነገር አያውቅም፤ ሲነግድም፣ ሲቆጣም፣ ሲወድም በጩኸት ነው። ያለችው አንዲት ልጅ አትጠገብ ትባል ነበር። ሐይቅ ዳር ካለ አገር ተድራ ትኖር ነበር፤ ገና በወጉ ሳትጠግበው ባሏን ወባ ነጠቃትና ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከትዳሯ ይዛ የመጣችው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የአበባ ሥር ብቻ ነበር። ባሏ በደጃቸው የተከለላት የውሃ አበባ ነው፤ ሥሩን ጭቃ ውስጥ ይሰዳል፣ ቅጠሉን እንደ ሰፌድ ውሃው ላይ ይዘረጋል፣ ጠዋት ፈክቶ ማታ ይከደናል።

አባት የሚያደርግላት ነገር በማግኘቱ ደስ አለው። «ለልጄ አበባማ ኩሬ ይቆፈርለታል!» ብሎ ግቢው ውስጥ አስቆፈረ። ወንዙን በቦይ አስጠለፈና ውሃው ከድንጋይ ላይ እየተወረወረ ኩሬው መሐል እንዲወርድ አደረገ። «የቆመ ውሃ ይሸታል» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ይሸታል። ግን እውነት ሁሉ በየቦታው አይሠራም።

ልጁንም እንደዚያው ያዛት። እንዳትቆዝም ብሎ ዛሬ እንግዳ፣ ነገ አዝማሪ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ድግስ። ዘመድ ሁሉ እየገባ «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ባል አይጠፋም» ይላታል። አይ የሰው አፍ! እሷ እንባ እንኳ አልወጣትም። አበባውም ውሃው ሌት ተቀን እየረጨው፣ ማዕበሉ ቅጠሉን እየገለበጠው ጠቁሮ መበስበስ ጀመረ።

አንድ ቀን አትጠገብ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ እዚህ ቤት የእኔ የምለው ያ ሥር ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ወደ ባዶ ቤቴ እመለሳለሁ። አይያዙኝ» አለችው።

ነጋድራስ ደነገጠ። ሄዳ ብቻዋን ሐይቅ ዳር ልትቀመጥ ነው! ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቦዩን አስፍቶ ውሃውን ጨመረበት። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ያበዛል እንጂ የማያውቀውን አይሞክርም።

በጋው ሲበረታ የአገሩ የውሃ ዳኛ ቢተው መጣ። ወንዙን ለየሰፈሩ በተራ የሚያካፍል፣ ለሀብታም የማያጎነብስ ሰው ነው።

«ነጋድራስ፣ ተራው የታች ሰፈር ነው። ቦዩን ልዘጋ ነው የመጣሁት» አለ።

«ውሃው ቆሞ አበባው ሊሞት? አበባው ከሞተ ልጄ ትሄድብኛለች! ንካውና እንተያያለን!»

«እርስዎ እዚህ ድንጋይ ያጥባሉ፣ የሰው ሽንኩርት እዚያ ይጠወልጋል። በሕግ አምላክ!»

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ የሚፈሰው ውሃ ይቆማል ይባል የለ? ነጋድራስ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ዳኛው ቦዩን ዘጋው፤ ውሃውም በእርግጥ ቆመ።

ያን ጊዜ ግቢው ጭር አለ። ነጋድራስ እንግዶቹን ሁሉ መልሶ፣ አበባው ሲሞት ሊያይ ኩሬው ዳር ተቀመጠ። አትጠገብም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አይዞሽ ሊላት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ልጅቷ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ለካ በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የምታለቅስበት ቦታ አጥታ ኖሯል። እሱም አላባበላት፤ እስኪወጣላት ጠበቃት። ሲወጣላት ስለ ባሏ አወራችው፤ ሰምቶ አያውቅም ነበርና አዳመጠ።

ውሎ አድሮ አንድ አዲስ ቅጠል ከጭቃው ወጥቶ የረጋው ውሃ ላይ ተዘረጋ። ሌሎችም ተከተሉ። በመጨረሻ አበባው ፈካ።

ተራው ደርሶ ዳኛው ቦዩን ሊከፍት ሲመጣ፣ ነጋድራስ ራሱ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ሲደረድር አገኘው። ኩሬውን ለሁለት እየከፈለው ነበር።

«ውሃው በዚህ በኩል ገብቶ በዚህ ይውጣ፤ እንዳይሸት ነው» አለው። «የአበባውን ወገን ግን አይንካብኝ።»

አትጠገብ ከዳር ሆና ድንጋይ ታቀብለው ነበር። ወደ ባዶው ቤት የመመለሱን ነገር ዳግም አላነሳችውም።

ወዳጆቼ፣ አይዞሽ ማለት ደግ ነው፤ ዘመድ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ፍቅራችን ያለ እረፍት ሲወርድበት የሚበሰብስ ሰው አለ። ላዘነ ሰው ከምንሰጠው ሁሉ የሚከብደን ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ነው፤ የሚያስፈልገውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ለቅሶ ቤት ስትገቡ ይዛችሁ የምትገቡት አፋችሁን ነው ወይስ ጆሯችሁን?