በሰው አገር የተቀመጡት ለቅሶ

አንድ ግንበኛ ነበር፤ ስሙ አንሙት ይባላል። ሚስቱ ይታይሽ ትባላለች። የሚኖሩት ከዋናው ከተማ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ በሚያስኬድ አንድ የቆላ ከተማ ነው። አንሙት ድንጋይ እየጠረበ የሚያወራ፣ ከሚያወራው በላይ ደግሞ የሚስቅ ሰው ነበር። ይታይሽን አገሩ የሚያውቃት በለቅሶ ነው። ሰው ሞተ ከተባለ ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ሐዘንተኛዋን ደግፋ የምትይዝ እሷ ነበረች። የሰፈሩ ሴቶች «ይታይሽ ያልደረሰችበት ለቅሶ እንባው አይወጣም» ይሉ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ፣ አንሙት አንገቱ ሥር ንፍፊት አበጠበት። «ድንጋይ ስሸከም ነው» ብሎ ናቀው። ወር በወር ሲተካ ግን እብጠቱ እንቁላል አከለ፤ ሱሪው ከወገቡ ይወርድ ጀመር፤ ሳቁም አነሰ። የአገራቸው ጤና ጣቢያ ወረቀት ጽፎ ወደ ዋናው ከተማ ሆስፒታል ላካቸው። እዚያ ከእብጠቱ ቆንጥረው መረመሩት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ነገር አትሸፋፍንም። «ካንሰር ነው» አለችው። «ግን መድኃኒት የሚሰማ ዓይነት ነው። በየሃያ አንድ ቀኑ አንድ ጊዜ፣ ስምንት ዙር ይወስዳሉ። እስኪጨርሱ ድረስ ከከተማው አይራቁ። መድኃኒቱ ሰውነትዎ በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ያዳክመዋል። ስለዚህ ትኩሳት ከተሰማዎ ‹ነገ ያልፋል› ብሎ ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ይምጡ።»

ባልና ሚስቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራዩ። የግቢው ተከራይ ሁሉ እንደ እነሱ ከሩቅ የመጣ ሕመምተኛና አስታማሚ ነበር። አጠገባቸው የሚኖሩት ከወሎ የመጡ ሐጂ እንድሪስ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸውን ማስታመም ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ይታይሽ በመጀመሪያው ቀን ለራሷ አንድ ሕግ አወጣች። «ይህ ሰው እስኪድን ድረስ ክፉ ወሬ በዚህ በር አይገባም» አለች። ዝናቡ ሰብል አበላሽቶ ከሆነ ለአንሙት «አዝመራው ያምራል» ትለዋለች። ሳትበላ «በልቻለሁ» ትለዋለች። ሳትተኛ ታድርና «እንቅልፌን ጠገብኩ» ትላለች። ሥራም አታስነካውም። አንድ ቀን አንሙት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ሽንኩርቱን አምጪው፣ እኔ ልላጥልሽ» ቢላት ቢላዋውን ከእጁ ነጥቃ «አርፈህ ተኛ፤ ያንተ ሥራ መዳን ብቻ ነው» አለችው።

አንሙት ተኛ። ቀኑን ሙሉ ጣራ ጣራ ያያል። ጠጉሩ ረገፈ፣ አፉ ቆሰለ፤ ከሁሉም ይልቅ ግን የከበደው ሥራ መፍታቱ ነበር። በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ መሰለው። እያደር ወሬውም ጠፋ።

ሦስተኛው ዙር አልፎ፣ ለአራተኛው አንድ ቀን ሲቀር፣ ይታይሽ ቧንቧው አጠገብ ልብስ ስታጥብ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። ድምፁን ስትሰማ ነገሩ ገባት።

«እናታችን አረፈች» አላት። «ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እንቀብራለን። እንጠብቃችሁ እንዳንል ሁለት ቀን ነው መንገዱ።»

ይታይሽ የሰው ሁሉ ለቅሶ ደራሽ ነበረች፤ የገዛ እናቷን ግን አልቀበረችም። ሳሙናው በእጇ ላይ ደረቀ። ልትጮህ አፏን ስትከፍት የክፍላቸው መስኮት ክፍት መሆኑን አየችና አፏን መልሳ ዘጋች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ መልበስ ሲገባት አስተካክላ ለበሰች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ፈገግ ብላ ገባች።

«ማነው የደወለው?» አላት አንሙት።

«ወንድሜ ነው። ሁላችንም ደህና ነን፣ አይዞህ በይው ብሎኛል።»

በማግስቱ አራተኛውን መድኃኒት ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ይታይሽ በየቀኑ «ቤተ ክርስቲያን ስሜ ልምጣ» እያለች ትወጣ ጀመር። ከቅጥሩ ጀርባ አንድ ዋርካ ሥር ትቀመጥና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ብቻዋን ታለቅሳለች። የሚያጽናናት፣ «ነፍስ ይማር» የሚላት የለም። ሲበቃት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን በውኃ አብሳ ትመለሳለች።

አንሙት ግን ዓይን ነበረው። የሚስቱን የዓይን ቆብ አብጦ ያየዋል። ልብሷ እንደሰፋት ያየዋል። «ይህቺ ሴት በእኔ ምክንያት እየሞተች ነው» ብሎ አሰበ። መድኃኒቱን በወሰደ በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ብርድ ብርድ አለው፤ ግንባሩን ሲነካው ይፋጃል። የዶክተሯ ቃል ትዝ ብሎታል። ነገር ግን ይታይሽ ነጠላዋን ለብሳ «ምንም አልተሰማህም?» ብላ ስትጠይቀው ዓይኗን አየና «ምንም፤ ደህና ነኝ» አላት።

እሷ ወጣች። እሱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስትመለስ አንሙት ከንፈሩ አመድ መስሎ ይንቀጠቀጣል፤ በሌለ ግድግዳ ላይ የሌለ ድንጋይ አቀብሉኝ ይላል። ስትጠራው አያውቃትም። ጩኸቷን የሰሙት ሐጂ እንድሪስ ሽምግልናቸውን ረስተው እስከ አስፋልቱ ሮጠው ታክሲ ይዘው መጡ። አንሙትን በብርድ ልብስ አድርገው ተሸከሙት።

ዶክተሯ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?» አለች። ይታይሽ «አላውቅም» አለች። «እንዴት አብረሽው እየኖርሽ አታውቂም?»

ጥያቄው ከአንሙት በሽታ ይልቅ አመማት። እውነት ነው፤ አብራው ትኖራለች፤ አታውቅም።

ሁለት ቀን አንሙት በሞትና በሕይወት መካከል ሰነበተ። መድኃኒቱ በሁለቱም ክንዱ በጠብታ ይገባል። ይታይሽ ከአልጋው ሥር አልተነሣችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላብ አጠመቀው፤ ትኩሳቱም ለቀቀው። ዓይኑን ገልጦ በስሟ ጠራት።

ከደስታዋ ቁጣዋ ቀደመ። «ለምን ደበቅኸኝ?» አለችው። «ጠይቄህ አልነበረም? ልትሞትብኝ ነበር እኮ!»

አንሙት ቀስ ብሎ «አንቺስ ምን ደብቀሽኛል?» አላት።

«እኔ ምን እደብቅሃለሁ?»

«ይታይሽ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬሽ ኖሬአለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው እንዲህ ሆኖ አይመለስም። ዓይንሽን ባየሁ ቁጥር የገደልኩሽ እኔ እየመሰለኝ ነው። ትኩሳቱን ብነግርሽ ሸክም መጨመር ሆነብኝ።»

ያን ጊዜ ይታይሽ የያዘችው ሁሉ ተፈታ። «እናቴ ሞታለች» አለችው።

«መቼ?»

«ዛሬ ሁለት ሳምንቷ ነው። አራተኛውን ልትወስድ ዋዜማ። ‹መድኃኒቱ ይቅር፣ ተነሺ እንሂድ› ትላለህ ብዬ ፈራሁ።»

አማቱ ወይዘሮ ደብሬ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ሴት ነበሩ። የአንሙት እንባ በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

«እውነትሽን ነው፣ እል ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንቺም ‹አይሆንም› ትይኝ ነበር። እንጣላለን፤ አብረን እናለቅሳለን፤ መድኃኒቱንም እወስዳለሁ። ይታይሽ፣ በሽታው የያዘው አንገቴን ነው። ባልነቴን ለምን ወሰድሽብኝ?»

እጁንም ዘረጋላት። መርፌው እንዳይነቀል ተጠንቅቃ ግንባሯን በመዳፉ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ከዋርካው ሥር ያለቀሰችው ሁሉ ያላወጣውን ያ አንድ እጅ አወጣው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሆስፒታል ሲወጡ ዶክተሯ «የደም ምርመራዎ እስኪስተካከል ሰው የበዛበት ቦታ አይጠጉ» ብላ አስጠንቅቃው ነበር። አንሙት ግቢው እንደ ደረሰ ወደ ሐጂ እንድሪስ በር ሄዶ ከውጭ ቆሞ ተጣራ።

«ሐጂ፣ ይስሙኝማ። የባለቤቴ እናት ሞታባት ለቅሶ ሳትቀመጥ ቀረች። የሰፈራችንን ለቅሶ ሁሉ ያጽናናች ሴት ናት። እዚህ ዘመድ የለንም።»

ሐጂ እንድሪስ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «ዘመድ የለንም ትላለህ ልጄ? ታዲያ እኛ ምንድን ነን?»

እሑድ ጠዋት ይታይሽ በሯን ስትከፍት ግቢው አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት አገኘችው። ሕመምተኞቹ ሁሉ ወጥተዋል፤ ራሳቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴቶች፣ ጠጉራቸው የረገፈ ወንዶች፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ አስታማሚዎች። ገሚሱ እናቷን ቀርቶ የአገሯንም ስም አያውቅም። አንዷ ከጋሞ የመጣች ሴት ቆሎ ቆልታ ይዛለች፤ የሐጂ ሚስት በሰው ክንድ ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ በሩ ጥግ፣ አንሙት ጋቢውን ተከናንቦ፣ አፍና አፍንጫውን በጭንብል ሸፍኖ ቆሞ የሚገባውን ሰው እጅ እየነሣ ይቀበላል። ያ ለወራት የተኛ ሰው ቆሟል። የሐዘንተኛዋ ባል ነውና።

ይታይሽ ነጠላዋን በሰው ፊት ዘቀዘቀች። «እናቴ፣ አፈር ሳላለብስሽ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር»፣ ሐጂም «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያጥናሽ» አሏት። እስከ ቀትር አለቀሱላት። ማታ ይታይሽ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ጣፈጣት።

ሐጂ እንድሪስ ሊሄዱ ሲነሡ አንሙትን እንዲህ አሉት፦ «እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ለሚስቴ ደህና ደህናውን ብቻ ሳወራላት ነው የኖርኩት። ዛሬ ገብቼ መፍራቴን እነግራታለሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ የይታይሽ ሕግ ተሻረ። በምትኩ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ላይ ይጠያየቁ ነበር። «ዛሬ ምንህን አመመህ?» ትለዋለች። ሳይቀንስ ይነግራታል። «ዛሬ ምን ከበደሽ?» ይላታል። ሳትሸሽግ ትነግረዋለች። ሽንኩርቱን እሱ ይልጣል፤ ምስሩን እሱ ይለቅማል። ሲደክመው ይተኛል፤ ሲበረታ ይነሣል። መድኃኒቱ ያው የበፊቱ መድኃኒት ነው፤ ማቅለሽለሹም አልቀረም። ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ወሬው ተመለሰ። አንድ ቀን ሲስቅ ጎረቤቶቹ ደንግጠው ብቅ አሉ፤ እንዲያ ያለ ሳቅ ያለው መሆኑን አያውቁም ነበርና።

አምስተኛው ዙር አለፈ። የምርመራ ፎቶ ተነሣ። ውጤቱን ሊሰሙ ሲገቡ ይታይሽ «ፈርቻለሁ» አለችው በሩ ላይ። «እኔም» አላት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ።

ዶክተሯ ፎቶውን ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች። «እብጠቱ የለም» አለች። «የቀረው ሦስት ዙር የግድ ይቀጥላል፤ ከዚያም በኋላ ክትትል አለ። ግን አንሙት፣ በዚህ ፎቶ ላይ የምፈልገውን ነገር ፈልጌ አጣሁት።»

ይታይሽ ከክፍሉ እስክትወጣ ታገሠች። ኮሪደሩ ላይ ግን እልልታዋ አመለጣት። ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ጥበቃው «ሆስፒታል ነው እኮ!» እያለ እየሮጠ መጣ።

«ለማን ነው እልልታው?» አላት ሊቆጣ።

«ለባሌ!»

ጥበቃው የአንሙትን መላጣ ራስና ሳቅ የሞላውን ፊት አየ። ግራና ቀኝም አየ። ተራቸውን የሚጠብቁት ሕመምተኞች ሁሉ አንገታቸውን አቅንተው ቆመዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲያውስ አንድ ጊዜ ድገሚው» አላት።

ደገመችው። ወረፋ የያዙት ሴቶችም ተቀበሏት።

ወዳጄ፣ የሚወዱትን ሰው ማስታመም ማለት የሕመሙን ወሬ ከበር መመለስ አይደለም። በፍቅር የተደበቀ ሐዘንም ቢሆን ሁለት ሰዎችን በአንድ ጣራ ሥር ለየብቻቸው ያስቀምጣል። የታመመ ሰው ሥጋው ቢደክምም ባል ነው፣ ሚስት ነው፣ እናት ነው፣ ልጅ ነው፤ ሌላውን ሊረዳም እንጂ ሊረዱት ብቻ አልተፈጠረም። መድኃኒቱን ሐኪም ይስጠው፤ ማዕረጉን ግን እኛ አንንፈገው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ «አይጨነቅብኝ» ብላችሁ ብቻችሁን የምታለቅሱት ለቅሶ የለም?