ቀና ያላለ ተስማምቷል

ኑ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ድምፄን ይውጠዋል።

አንበሳ በሚገዛው ዱር አንድ ደግ ሥርዓት ነበር። በበጋ ጤነኛው ሁሉ የመድኃኒት ሥር እየማሰ ከወንዝ ማዶ ባለው ዋሻ ያከማቻል፤ በክረምት የታመመ እንደሆነ መድኃኒተኛው ጃርት በወንዙ ላይ በወደቀ ግንድ ተሻግሮ ሥሩን እተኛበት ድረስ ያደርስለታል። ሚዳቋም እናቷ ስታደርግ እንዳየችው በየዓመቱ ትምሳለች። ያን ክረምት ግልገሏን ድንቡልን ሳል ያዘውና መቆም አቃተው። ጃርትን ስትጠብቅ የስብሰባ ጥሪ መጣ።

የተናገረው ቀበሮ ነው፤ መቼም አንደበቱ ማር ነው። ጌታችን ሥርዓቱን ሊያሻሽሉልን ነው አለ። አንዳንዱ ሳይታመም ታመምኩ እያለ ሥሩን ስለጨረሰው፣ ከእንግዲህ የታመመ ራሱ ዋሻው ድረስ ሄዶ ይታይ፤ ይህም ለሕመምተኛው ክብር ነው አለ። ደግሞ ዱሩ ሳይጠየቅማ ሕግ አይወጣም ብሎ፣

«የተቃወመ ቀና ይበል» አለ።

እናንተዬ፣ በዚያ ዱር አንበሳ ቆሞ ሳለ ቀና ማለት ነውር ነው፤ ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ሁሉም አቀርቅሮ አንበሳው እስኪቀመጥ ጠበቀ። አንበሳው አልተቀመጠም።

ሚዳቋ አንገቷን ልታነሣ ስትል አጠገቧ የነበረው ከርከሮ ሹክ አላት።

«ተይ እንጂ እቴ፣ ባለጌ አትሁኚ። ሲቀመጡ እንለምናቸዋለን።»

«ልጄ እኮ መቆም አይችልም፣ አያ ከርከሮ።»

«ቢሆንስ፣ እሳቸው ቆመው እያሉ?»

እሷም አቀረቀረች። ቀበሮ ዙሪያውን ቃኘና አንድም ተቃዋሚ የለም አለ።

በማግስቱ ብቻዋን ተሻግራ ጃርትን ለመነችው። ጃርት ዓይኗን ማየት አልቻለም፤ ሕመምተኛው የታለ ብቻ አላት። ተመልሳ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች፣ ሲወድቅ እየላሰች፣ እወንዙ ዳር አደረሰችው። ግንዱ ላይ መውጣት ግን አልቻለም። ጃርት ከማዶ ሥሩን ነክሶ ቆሞ ያያቸዋል፤ እንዳይሻገር ሕጉ አስሮታል።

«እማዬ፣ በረደኝ» አላት ድንቡል።

ተጠግታው ተኛች። ዝናቡ ሲያባራ ትንፋሹ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ቀበሮ የዋሻው ሹም ሆነ። አንበሳውን በዓመቱ ወገቡን ሲይዘው ሕጉ ያለ ስብሰባ ተሻሻለና ጃርት ሥሩን እያመላለሰ አዳነው። ከርከሮ ዛሬም ጨዋ ነው ይባላል። ሚዳቋ ሌላ ወለደች፤ ክረምቱን እስኪወጣ ስም አላወጣችለትም።