ዳማከሴውን የቀመሰ

የወረዳው ገዥ ቀኛዝማች ደርሰህ ጓሯቸውን ሙሉ ዳማከሴ አስተክለው ነበር። ቅጠሉ ተጨምቆ የሚጠጣ የምች መድኃኒት ነውና ገበያው ደርቶላቸዋል። ትል እንዳይነካባቸው የተባይ መርዝ በላይ በላዩ ያስረጩበታል፤ ቅጠሉም እንደ ሹም ካባ ያብለጨልጫል። በዚህ አላበቁም፤ "ያልተረጨ ዳማከሴ ገበያ እንዳይወጣ!" ብለው አሳወጁ።

አንዲት ምላሰኛ መበለት ግን እንደ ወትሮዋ ያልተረጨውን ይዛ ወጣች። ወዲያው ዘበኞች ጎትተው ቀኛዝማች ከተቀመጡበት ዋርካ ሥር አቀረቧት። ጠጅ እየተቀዳላቸው ነበር። አሳላፊው እንደ ደንቡ ከብርሌው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ሰጣቸው። እሳቸውም አንዴ ተጎነጩና ከመበለቲቱ የዳማከሴ እስር ውስጥ አንድ የተበሳሳ ቅጠል መዘዙ። በላዩ አረንጓዴ ትል ይድሃል።

"እዩልኝ እስቲ! በሽተኛ የምታጠጣው ይህን ነው። አንቺ፣ አሁኑኑ መልስ ካላገኘሽለት እስርሽን ሁሉ አቃጥልብሻለሁ!"

መበለቲቱ እጅ ነሳች።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ያልተቀመሰ ነገር አይጠጡም፤ ደግ አደረጉ። የእኔም በሽተኞች ያልተቀመሰ አይጠጡም። ግን ድሃ ነኝና አሳላፊ መቅጠር አልችልም፤ የእኔ ቀማሽ ይህ ትል ነው። ይኸው በልቶ፣ ጠግቦ፣ ይንፈላሰሳል።"

ከዚያ አጠገባቸው ወደተከመረው የሚያብለጨልጭ ዳማከሴ ዞር አለች።

"የእርስዎን የቀመሰውስ፣ ጌታዬ፣ የት ደረሰ?"