የእንቅብ አፋፍ ሦስቱ ደጋሚዎች

በአንድ ወቅት፣ የአሁኑ ሰው ጨርሶ በረሳው ወቅት፣ እንቅብ አፋፍ በምትባል አገር ሦስት ደጋሚዎች ይኖሩ ነበር። ደጋሚ ስል ፈተና ወድቆ ክፍል የደገመ እንዳይመስላችሁ። አትሳቁ! በዚያ አገር ደጋሚ ማለት ዕቃ ላይ ቃል ደግሞ ለዕቃው ኃይል የሚሰጥ ሰው ነው። ጀግኖቹ ወደየዋሻው ወርደው ከአውሬ ጋር ይተናነቃሉ፤ ሲመለሱ ይዘፈንላቸዋል፣ እልል ይባልላቸዋል። ሰይፉ በጨለማ እንዲያበራ፣ ጋሻውን እሳት እንዳይበላው ያደረገው ደጋሚ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ የተለበለበ ጣቱን ያሻል። ስሙን የሚያነሳው ማን ነው? ማንም! ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያበሽቀኛል።

ሥራው ሕግ ነበረው። ዕቃ በራሱ ባዶ ነው፤ ደጋሚው ከገዛ ራሱ ቆርሶ ካልሰጠው ምንም አይሠራም። ለማጭድና ለቢላ ትንሽ ድካም ይበቃል፣ ተኝተው ሲነሡ ይተካል። ለትልቅ ዕቃ የሰጡት ግን አይመለስም። ሌላም ሕግ አለ፤ ዕቃ የሚጠራው «አንተ» ወይም «አንቺ» ተብሎ ብቻ ነው። ንጉሥ የሚይዘው ዕቃ ቢሆን እንኳ «እርስዎ» አይባልም። «አንተ» ያላችሁት ዕቃ ይታዘዛችኋል፤ «እርስዎ» ያላችሁት ግን ያዛችኋል። የደጋሚ ልጅ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነበር።

ሦስቱ ደጋሚዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታላቁ ደምለው ጦርና ሰይፍ ይደግማል። ኩሩ ነው፤ በዓይኑ የሚመካ፣ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ቆላ ያለውን ሰው በአካሄዱ የሚለይ። መካከለኛዋ ይርገዱ ልብስ ትደግማለች፤ ባሏ ሞቶባት ስንዱ የምትባል ትንሽ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ታናሹ ገላነህ የሚደግመው ገመድ ነው። ገላነህ ሰው አክባሪ ነው፣ ሲበዛ አክባሪ! የመንደሩ ሰው «ገላነህ መንገድ ላይ ዶሮ ቢያገኝ ይለፉ ሳይል አያልፍም» እያለ ይቀልድበት ነበር።

እንግዲህ አመዳይ ታውቃላችሁ፤ ማለዳ ሣር ላይ ነጭ ሆኖ የሚተኛው፣ ባቄላ የሚያቃጥለው። የዚያ አገሩ አመዳይ ግን አውሬ ነበር። ከመንደሩ በላይ ካለው ዋሻ ገብቶ ተኛና መተንፈስ ጀመረ። መጀመሪያ አዝመራው ነደደ። ቀጥሎ ከብቱ በቆመበት ደረቀ። ከዚያ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ሕፃናት እናቶቻቸው ጀርባ ላይ እንደታዘሉ ቀሩ። እናትየው ልጄ ተኛልኝ ብላ እሹሩሩ ትላለች፤ ልጁ የለም።

የወረዱትን ጀግኖች ሁሉ ዋሻው በላቸው። የቀረችው አስናቁ ብቻ ነበረች፤ አዳኝ ናት፣ ወንድሞቿ ከወረዱት መካከል ነበሩ። ደጋሚዎቹ ዘንድ መጥታ «እኔ እወርዳለሁ። ባዶ እጄን ግን አልወርድም» አለች።

ደምለው ሲያስብ ቆየ። ከዋሻው ውስጥ ብርሃን የሚባል የለም፤ ችቦ ይዘህ ብትገባ አመዳዩ እፍ ይለዋል። የወረዱት ሁሉ የሞቱት አውሬው የት እንዳለ ሳያዩ ነው። «ጦሩ ራሱ ማየት አለበት» አለ። ጦሩን ጭኑ ላይ አጋደመ፤ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ደረቀው ማሳ፣ ወደ ወንድሙና ወደ እኅቱ ተራ በተራ ተመለከተ። «አንተ ጦር፣ ዓይኔን እንካ። ከእንግዲህ አንተ እይ» አለ። የጦሩ ጫፍ ብልጭ አለ። የደምለው ዓይን ተከፍቶ እንዳለ ጠፋ።

«ጋሼ ደምለው! ምነው? ምን አደረጉ?» ብላ ጮኸች አስናቁ።

«ውሰጂው። ሳይቆጨኝ ውሰጂው» አለና ግድግዳ ፍለጋ እጁን ዘረጋ።

ይርገዱ ደግሞ የብርዱ ነገር ነው ያስጨነቃት። ከዚያ በፊት የሰውነቷን ሙቀት እየቆረሰች ለወረዱት ጋቢ ደግማ ነበር፤ ለባሾቹ ከነጋቢያቸው ደረቁ። የሰውነት ሙቀት እንደማይበቃ ገብቷታል። ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት የት ይገኛል? እሷ ያላት አንድ ነው። ስንዱን ጠርታ አቀፈቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት፣ አንገቷ ሥር አሸተተቻት። ልጅቷ እናቷ የኮረኮረቻት መሰላት፣ ሳቀች። ይርገዱም «አንተ ጋቢ፣ ልጄን ሳቅፍ የሚሰማኝን ሁሉ፣ ልጄነቷንም ጭምር እንካ» አለች። ጋቢው ሞቀ፤ በጣሪያው ክዳን ላይ የተጋገረው አመዳይ እየቀለጠ ይንጠባጠብ ጀመር።

ስንዱ የእናቷን ቀሚስ ይዛ «እማዬ» አለች።

ይርገዱ ጎንበስ ብላ አየቻት። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ? እናትሽ በዚህ ብርድ ጥላሽ የት ሄደች?» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ በርኅራኄ ነው እንጂ። እሱ ነው የባሰው። አስናቁ ጋቢውን ለብሳ እያለቀሰች ወጣች።

ገላነህ የቀረውን ያውቃል። ዋሻው ውስጥ ውስጡን ይከፋፈላል፤ ከአውሬው ያመለጠም ቢኖር መውጫው ይጠፋዋል። ከዋሻው አፍ ቆሞ ገመዱን አስናቁ ወገብ ላይ አሰረና «አንተ ገመድ፣ የክንዴን ጉልበት ሁሉ እንካ። ተዘርጋ፣ ደግሞም መልሰህ አምጣት» አለ። ክንዶቹ ዝለው ወደቁ። አስናቁ ወረደች፣ ገመዱም ከኋላዋ እየረዘመ ተከተላት። መንደርተኛው በሙሉ ከዋሻው አፍ ተሰብስቦ ይጠብቃል።

መሬቱ ተናወጠ። ከውስጥ የሚያስፈራ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ነጩ ትንፋሽ ቆመ። አመዳዩ ሞቷል! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ። ገና ሳይጨርሱ ግን ከታች የአስናቁ ድምፅ መጣ።

«ሳቡኝ! ኧረ ሳቡኝ! በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ውኃው አንገቴ ደርሷል!»

«ሳብ! አንተ፣ ሳብ!» አለ ገላነህ። ገመዱ ሳበ፣ ግን ጎርፉ በረታበት። ክሩ አንድ በአንድ ይበጠስ ጀመር። ገላነህ የሚጨምርለት ጉልበት የለውም፤ ሰጥቶ ጨርሷል። ሰዉ ዘሎ ሊይዝ ቢል ገመዱ ከውርጩ የተነሣ እጅ ይልጣል። አስናቁ አሁን አትጮኽም፣ ውኃ ስትውጥ ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ ገላነህ ተንበረከከና ከአፉ አመለጠው።

«እባክዎ! እባክዎ ጌታዬ፣ አይበጠሱብኝ! ያውጡልኝ!»

ሰዉ ክው አለ። ገመዱ እንደ ብረት ደርቆ ተወጠረ፤ አንድ ጊዜ ሳበና አስናቁን ከዋሻው አፍ ላይ አውጥቶ አስቀመጣት። ቀጥሎ ከእሷ ወገብ ተፈታ፣ ዞሮ የገላነህን ወገብ ጠመጠመ፣ ሌላውን ጫፉን ዋሻው ውስጥ ካለ ዓለት ጋር ቋጠረ። ደምለው በዳበሳ ደርሶ ቢላ መዘዘ፤ ስለቱ ግን ገመዱ ላይ ታጠፈ።

«ተው ወንድሜ! እሳቸውን አትንካቸው!» አለ ገላነህ። የሚያወራው ስለ ገመድ ነው። ውኃ አመጡለት፤ ጥሙ ከንፈሩን ሰንጥቆታል፣ ግን «አልፈቀዱልኝም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

አስናቁ ከአውሬው ጉሮሮ ያወጣችው አንድ ነገር መዳፏ ውስጥ ነበር፤ ደጋሚዎች መላሽ የሚሉት ድንጋይ። መላሽ አውሬውን ለመጣል ሲባል ዕቃ የወሰደውን፣ ነፃነትም ቢሆን፣ ይመልሳል፤ ያውም ለአንድ ሰው ብቻ። የሚሠራው ደግሞ ትኩስነቱ እስኪያልፍ ነው፤ ከቀዘቀዘ ጠጠር ነው። አውሬውም አንድ፣ ድንጋዩም አንድ። ሌላ የለም።

ወደ ደምለው ሄደች። «ጋሼ፣ ምን ይሉኛል?» አለችው።

«እፈልገዋለሁ፤ አልዋሽሽም። ስሰጥ ጀግና ነበርኩ። አሁን ጨለማው ፈጀኝ» አለ።

ወደ ይርገዱ ሄደች።

«እኔ ምን ጎደለኝ?» አለች ይርገዱ። «ይልቅ ይህችን ሕፃን የሚወስዳት ሰው ፈልጊ፤ ቀሚሴን አለቅም ብላለች።»

ወደ ገላነህ ሄደች። ገላነህ አፉን ከፈተ፤ ገመዱ ጠበቅ አደረገው። አፉን ዘጋ።

ሰዉማ ተነታረከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ጦሩ ባያይ ሁላችንም አልቀን ነበር፤ ለደምለው ነው» አለ። «ዐውቆና ወዶ ሰጠ፤ ዕውር ደግሞ ይመራል፣ ይኖራል» አለው ሌላው። ልጇ ጀርባዋ ላይ የቀረባት ሴት ብድግ አለች፦ «ይርገዱስ ዐውቃ ሰጠች። ይህች ሕፃን ማን ጠየቃት? እናት ያላት የሙት ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እሷን ደግሞ «ይርገዱ ሕመሙን አታውቀውም፤ ስንዱን ደግሞ አገሩ በሙሉ ያሳድጋታል፣ ገላነህን ግን ማን ያስጥለዋል? በጥም ይሞታል እኮ!» አሏት። «ሕጉን ማን አፍርስ አለው? የደጋሚ ልጅ አይደለም?» የሚልም አልጠፋ። ያ ሲባል አስናቁ ዞራ «ሕጉን ባያፈርስ ኖሮ እኔ አሁን እዚህ ቆሜ አልሰማችሁም ነበር» አለች።

እኔም ፍርዱ ጠፍቶኛል። አንዳንዴ በደምለው እፈርዳለሁ፣ ዞር ብዬ ልጅቷን ሳስብ እተወዋለሁ፤ ስለ ገላነህ ከንፈር ሳስብ ደግሞ ልጅቷንም እተዋታለሁ። በሦስቱም አዝናለሁ፣ በአስናቁ ግን ከሁሉም ይብስብኛል። ያየላት ጦር፣ ያሞቃት ጋቢ፣ የሳባት ገመድ፤ አንዱ ቢጎድል ሞታ ነበር። ለአንዱ ስትሰጥ ሁለቱን በገዛ እጇ ልትቀብር ነው።

አሁን መዳፏን ከፍታ ቆማለች። ድንጋዩ ለብ ብሏል። ደምለው እሷ ያለች መስሎት ወደ ባዶ ቦታ እጁን ዘርግቷል። ስንዱ «እማዬ» ትላለች፣ ይርገዱ የማን እናት እንደተጠራች ለማየት ዞር ዞር ትላለች። ገመዱ ገላነህን ወደ ዋሻው አንድ እርምጃ ሳብ አደረገው።

ዝም ብላችሁ አትዩኝ፣ ድንጋዩ እየቀዘቀዘ ነው! ለማን ይገባል?