የሚጮኸው ፓምፕ

አንድ የድንች ነጋዴ ነበር። ስሙ አቶ ወንዳፍራሽ ይባላል። ደጋ ላይ መጋዘንና አንድ የጭነት መኪና ነበረው። መኪናው በየሳምንቱ ድንች ጭኖ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ ቆላ ገበያ ይደርሳል።

አቶ ወንዳፍራሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ጩኸት ግን አይወድም። አውራ ዶሮው ማልዶ ቢጮህበት አረደው። የመጋዘኑ ዘበኛ ጣሪያው ያፈሳል እያለ ቢነዘንዘው አሰናበተውና ዝምተኛ ዘበኛ ቀጠረ። «የሚጮኸውን ቀይር፣ ቤትህ ሰላም ይሆናል» ማለት ይወድ ነበር። ጣሪያው እርግጥ ማፍሰሱን አልተወም፤ የሚናገር ነው የጠፋው።

ሹፌሩ ደምሳሽ ዘጠኝ ዓመት አብሮት ሠርቷል። አንድ ሰሞን መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ከሞተሩ በኩል የሚያቃስት ድምፅ መሰማት ጀመረ። ደምሳሽ የመሪው ዘይት እየጎደለ እንደሆነ ተናገረ። ነጋዴው ጨምርበት አለው። ጨመረ፤ ማቃሰቱ ግን ብሶ ጩኸት ሆነ። ደምሳሽ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነግረው ነጋዴው ትዕግሥቱ አለቀና ዘይቱን ወደ መሪው የሚገፋው ፓምፕ ወልቆ አዲስ እንዲገባ አዘዘ። ደምሳሽም ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው የጎማ ቱቦ ደርቋልና አብሮ ቢቀየር ይሻላል አለ። ነጋዴው ሳቀበት።

«ቱቦው መቼ ጮኸ?» አለው።

አዲሱ ፓምፕ ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ብሎ ሠራና እሱም መጮህ ጀመረ። አሁን አቶ ወንዳፍራሽ ነገሩ የገባው መሰለው። ሁለት ፓምፕ በአንድ ሰው እጅ ከተበላሸ ጥፋቱ የእጁ እንጂ የማን ሊሆን ነው? ደምሳሽን ሊያሰናብተው ቆረጠ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለን ሰው ግን ያለ ምክንያት ማባረር ከበደውና ምስክር ፈለገ። ለገበያ የተጫነውን መኪና እንዳለ ይዘው ጋሽ ቁምላቸው ወደሚባሉ የከተማው ሽማግሌ መካኒክ ሄዱ።

እንደደረሱ ነጋዴው ሽማግሌውን ለብቻ ገለል አድርጎ የመጣበትን ነገር አጫወታቸው። ጋሽ ቁምላቸው እስኪጨርስ ሰሙት። ተመልሰው ግን ጥያቄውን ሁሉ ለሹፌሩ አደረጉት። ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚብስበት? ቆሞ ሲጠመዘዝ ነው ወይስ ሲሄድ? ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ? ደምሳሽ ለሁሉም መልስ ነበረው። ጠዋት ይብሳል፤ ቆሞ ሲጠመዘዝ ይጮኻል፤ ግራም ቀኝም ለውጥ የለውም፤ ከመንገድ ሲመለስ ደግሞ ዘይቱ አረፋ ይዞ ይገኛል። ነጋዴው ተገረመ። ይህ ሁሉ እውቀት ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ ለካ የሚጠይቀው አጥቶ ነው።

ሽማግሌው ረጅም ካቻቢቴ አነሡና ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ቀጥለው ለነጋዴው ሰጡት።

«ምን ይላል?» አሉት።

«ይጮኻል።»

«እሱማ ከመንገድ ማዶም ይሰማል። ለምን ይጮኻል?»

አቶ ወንዳፍራሽ የሚጮኽ ነገር ሲያጋጥመው ለምን ብሎ አያውቅም። አሁን ግን ማወቅ አማረውና የሽማግሌውን ጣት በዓይኑ ተከተለ። ጣታቸው ከማጠራቀሚያው ተነሥቶ በደረቀው ቱቦ ላይ ወረደና ቱቦውን ከፓምፑ ጋር የሚያስረው ፋሸታ ላይ ቆመ። ፋሸታው ላልቶ ነበር፤ ከሥሩም አንዲት የዘይት ጠብታ ይዟል።

«ፓምፑ ጤነኛ ነው» አሉ ጋሽ ቁምላቸው። «ዘይት ልሳብ ሲል በዚህች ቀዳዳ ነፋስ ይገባበታል። የሚጮኸው ስለተራበ ነው። ጥፋተኛው ይኸውልዎ፣ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል።»

ቱቦውንና ፋሸታውን ቀየሩ፤ ንጹሕ ዘይት ሞሉ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው ሞተሩ ሳይነሣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ሲያዞሩት የታመቀው ነፋስ በማጠራቀሚያው በኩል አረፋ እየሆነ ወጣ። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ጥቂት አጉረመረመና ጸጥ አለ።

ወደ ገበያው መንገድ ጀመሩ። አቶ ወንዳፍራሽ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ በኀፍረት ውጭ ውጭውን ያያል። ከከተማው እንደወጡ ግን መታገሥ አልቻለም።

«ደምሳሽ፣ ዛሬ የመጣሁት ላሰናብትህ ነበር» አለው።

«አውቄያለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሁለቴ ተናግሬ ነበር። ሦስተኛ ብናገር እንደ ፓምፑ የምወልቀው እኔ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ነጋዴው ዓይኑን ከውጭ መልሶ ወደ ሹፌሩ ዞረ። ሌላ ያልነገረው ነገር እንዳለም ጠየቀው። ደምሳሽ መኪናውን ቀስ አድርጎ ዳር አስያዘና አቆመው።

«ፍሬኑ» አለ። «ካለፈው ሳምንት ወዲህ ፔዳሉ እየሰጠመ ነው።»

ከፊታቸው ቁልቁለቱ ይጀምራል። ከኋላቸው አርባ ኩንታል ድንች ተጭኗል።

«መልሰው» አለ አቶ ወንዳፍራሽ።

ወዳጆቼ፣ የጮኸ ሁሉ አጥፊ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የጎደለበት ነው፤ ያጎደለበት ግን ድምፅ የለውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስንል በታማሚው እንፈርዳለን፤ አመመኝ ያለውን ሁሉ እያባረርን መደበቅን ያስተማርነው ግን እኛው ነን። እናም በቤታችሁም ሆነ በሥራ ቦታችሁ ድሮ ብዙ ይናገር የነበረ፣ አሁን ግን ዝም ያለ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁት። ዝም ያለው የጎደለው ሞልቶለት ነው ወይስ እናንተን ፈርቶ?